ሽጉጤ ካልገባ እኔም አልገባም?

በዚህ ሳምንት ከደረሱን ደብዳቤዎች አምስቱ የአንድ ጉዳይ ናቸው፦ መሣሪያ ይዞ መግባትን ስለሚከለክሉ ቤቶች። ሁሉም የተጻፉት ከጅማ ነው። የሰው ስም አንጠቅስም፣ የቤትም ስም አንጠቅስም። አንዳንዶቹን ለቦታ ብዬ አሳጥሬያቸዋለሁ። የመጀመሪያውን ግን እንዳለ ትቼዋለሁ፣ ምክንያቱም ሰውዬው የጻፈው ከልቡ ተናዶ ነው፣ ንዴቱም በቅጡ መልስ ይገባዋል።

ጥያቄ፦ «ሰላም ጋሼ። ቡና ነጋዴ ነኝ። ከአጋሮና ከሊሙ በኩል ነው የምሰበስበው። በቡና ወቅት ብር ይዤ ነው የምንቀሳቀሰው፣ ብዙ ጊዜ ይመሽብኛል፣ ስለዚህ ፈቃድ ያለው ሽጉጥ አለኝ። ስድስት ዓመት ይዤዋለሁ፣ አንድ ቀን እንኳ ሰው ፊት አውጥቼው አላውቅም። አጂፕ አካባቢ የምንሰበሰብበት ምግብ ቤት አለ። እሁድ እሁድ እቁባችንም እዚያው ነው። ከሁለት ወር በፊት በሩ ላይ ‹መሣሪያ ይዞ መግባት በጥብቅ የተከለከለ ነው› የሚል ጽሑፍ ተለጠፈ። እኔን አይመለከትም ብዬ ልገባ ስል ዘበኛው አስቆመኝና በሰው ፊት ወገቤን ዳበሰኝ። አሥር ዓመት ቁርስ የበላሁበት ቤት! ደሜ ፈላ። ዞሬ ወጣሁ፣ ከዚያ ወዲህ አልረገጥኩትም። አሁን እቁቡ ወደ ሌላ ቤት እንዲዞር ሰዎቹን እየጎተጎትኩ ነው። ቴክሳስ ያለው ወንድሜ ‹እኛም እዚህ እንደዚያ ነው የምናደርገው፣ የከለከለህን ቤት ብርህን አታሳየው› ብሎኛል። ልክ ነኝ ወይስ አበዛሁት?» — ቡና ነጋዴው

መልስ፦ ወንድሜ፣ አለመሄድ መብትህ ነው። ብሩ ያንተ ነው፣ የት እንደምትበላ የምትመርጠውም አንተ ነህ። ቅር ያሰኘህን ቤት ትተህ ሌላ ቤት ብትገባ ማንም ምንም ሊልህ አይችልም። እዚህ ላይ ከወንድምህ ጋርም ከአንተም ጋር አልጣላም።

ግን ደብዳቤህን ደጋግሜ አነበብኩት። ጽሑፉን አይተኸዋል፣ አይተኸውም ለመግባት አላመነታህም። ያቃጠለህ ዳበሳው ነው። በሰው ፊት፣ እንደማያውቁህ ሰው፣ እጅህን ከፍ አድርገህ መቆምህ ነው። ይሄ ያማል፣ እውነት ነው። ማንም ጨዋ ሰው ደንበኛ በሆነበት ቤት እንደ ሌባ ሲፈተሽ ደስ አይለውም።

ዘበኛውን ግን እስቲ አስበው። ያውቅሃል። አሥር ዓመት «እንደምን አደሩ» ብሎሃል። አንተን «እሱማ የእኛ ሰው ነው» ብሎ ቢያሳልፍ ከኋላህ ያለው ሰው «እሱ በምን ገባ?» ይላል። እሱንም ሊያሳልፍ ነው። ሦስተኛው ደግሞ የሆነ ባለሥልጣን ዘመድ ነኝ ይላል። እንዲህ እንዲህ እያለ ሳምንት ሳይሞላው ጽሑፉ የበር ጌጥ ሆኖ ይቀራል። ፍተሻ ሁሉንም ካልነካ ፍተሻ አይደለም።

አንድ ያየሁትን ነገር ልንገርህ። ከጥቂት ዓመታት በፊት እዚሁ ከተማ አንድ ምግብ ቤት ምሳ እየበላሁ ነው። ቅዳሜ ስለነበር ቤቱ ጢም ብሏል። ከአጠገባችን አንድ ጎልማሳ ሰው ከትንሽ ልጁ ጋር ተቀምጧል፣ ልጅቷ አራት ዓመት ቢሆናት ነው። በልተው ጨርሰው ሊወጡ ሲሉ የልጅቷ ጫማ ተፈታ። አባትየው ሊያስርላት ቁጢጥ አለ። ያኔ ሽጉጡ ከወገቡ ሾልኮ ሴራሚኩ ላይ ወደቀ። ድምፁ ከባድ ነው፣ ብርጭቆ እንደሚሰበር ዓይነት አይደለም። ቤቱ በአንድ ጊዜ ጸጥ አለ። ሽጉጡ ተንሸራቶ ሄዶ ሦስት ሴቶች የተቀመጡበት ጠረጴዛ ሥር ቆመ። አልጮኸም፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ሰውዬው ፊቱ በላብ ተጠመቀ፣ ጠረጴዛው ሥር ገብቶ አነሣውና ሸሚዙ ሥር ከተተው፣ «ይቅርታ፣ በጣም ይቅርታ» እያለ መልሱን እንኳ ሳይቀበል ልጁን ጎትቶ ወጣ። የልጅቷ ጫማ እንደተፈታ ነበር። ያ መሬት ለመሬት የሚጎተት የጫማ ክር እስከ ዛሬ ከዓይኔ አልጠፋም።

ያ ሰው ክፉ ሰው አልነበረም። ፈቃድም ሳይኖረው አይቀርም። እንዳንተው ስድስት ዓመት ይዞት ይሆናል። የቤቱ ባለቤት የሚፈራው እንዲህ ያለውን ነገር ነው። ቁጢጥ ማለትን ይፈራል። ማታ ኳስ እየታየ የሚነሣውን ጭቅጭቅ ይፈራል። ሦስተኛው ቢራ ላይ የሚመጣውን የድሮ ቂም ይፈራል። በሩ ላይ ቆሞ የትኛው ሰው ጨዋ እንደሆነ፣ የትኛው ዛሬ ከሚስቱ ጋር ተጣልቶ እንደመጣ ሊያውቅ አይችልም። ስለዚህ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀ፦ መሣሪያው ውጭ ይቅር።

ይሄ ደግሞ አዲስ ነገር አይደለም። አያቴ ቤት ጠመንጃ የያዘ እንግዳ ሲመጣ አያቴ በር ላይ ተቀብሎት ከግድግዳው ችካል ላይ ያንጠለጥለው ነበር። እንግዳው አይቀየምም። ቤቱ የአያቴ ነዋ! ሲወጣ አያቴ ራሱ አውርዶ በሁለት እጁ ያስረክበው ነበር። ልዩነቱ እዚህ ጋ ነው፣ የአያቴ እንግዳ በአክብሮት ነው የተቀበሉት፣ አንተ ደግሞ በዳበሳ። ስለዚህ ቅሬታህ ያለው አቀባበሉ ላይ ነው፣ ክልከላው ላይ አይደለም። ይሄን ለባለቤቱ ንገረው። ሰኞ ከሰዓት ቤቱ ጭር ሲል፣ ሽጉጡን ቤት ቆልፈህ ሂድና ቡና አዝዝ። «ክልከላህን አከብራለሁ፣ ግን አሥር ዓመት የማውቀው ዘበኛ በሰው መሐል ሲዳብሰኝ ከፋኝ፣ ፍተሻውን በሩ ጎን ገለል ያለ ቦታ አድርገው» በለው። ሰው ከሆነ ይሰማሃል።

እቁቡን ማዞሩን ግን ተው። ያበዛኸው እሱ ላይ ነው። አንተ ተቀይመህ ብትቀር የአንተ ጉዳይ ነው። ሌላው ሁሉ አብሮህ እንዲቀየም መጎትጎት ግን ሌላ ነገር ነው። ከሰዎቹ መሐል ቤቱ ሰፈሩ የሆነ አለ፣ ልጁን ይዞ የሚመጣ አለ፣ ክልከላው ሲለጠፍ ውስጡ ደስ ያለውም ይኖራል፣ አንተን አፍሮ ነው ዝም ያለህ።

«የእቁብ ብር ይዤ ነው የምወጣው» ትለኝ ይሆናል። ታዲያ ለምን በባንክ ወይም በቴሌብር አይተላለፍም? ዕጣ የደረሰው ሰው ስልኩ ላይ ይደርሰዋል፣ በከረጢት ብር ተሸክሞ የሚወጣ ሰው ከሌለ የሚጠበቅም ብር የለም። ሽጉጡን ያወጣኸው ለሊሙ መንገድ ነው። እሁድ ጠዋት ከአጂፕ እስከ ቤትህ ያለው መንገድ የሊሙ መንገድ አይደለም።

ደግሞ አንድ ነገር አትርሳ። በእኛ አገር መሣሪያ መያዝ በፈቃድ የሚገኝ ነገር ነው። አዋጅ ቁጥር 1177/2012ን አግኝተህ አንብበው፣ ፈቃድህ የቆመው እሱ ላይ ነው። ሕገ መንግሥታችን ውስጥ መሣሪያ የመታጠቅ መብት የሚል አንቀጽ የለም። የወንድምህ አገር ጉዳይ ለየት ይላል፣ ለእሱ ቀጣዩን መልስ አንብብ።

ጥያቄ፦ «ጅማ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ። አሜሪካ ያሉ ሽጉጥ ያዦች መሣሪያ የሚከለክል ሱቅ አንገባም ሲሉ ቪዲዮ ላይ አየሁ። ሁለት ነገር አልገባኝም። ሽጉጥ መያዝ እዚያ ሕገ መንግሥታዊ መብት ከሆነ ሱቁ እንዴት መከልከል ቻለ? ሰዎቹስ ወተት ለመግዛት ሽጉጥ ምን ያደርግላቸዋል?»

መልስ፦ ከመጀመሪያው ልነሣ። አሜሪካኖች መሣሪያ የመያዝ መብት የሚሉት በሕገ መንግሥታቸው ሁለተኛ ማሻሻያ ላይ ያለውን ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1791 የጸደቀ። እ.ኤ.አ. በ2022 ደግሞ ጠቅላይ ፍርድ ቤታቸው መብቱ ከቤት ውጭ ይዞ መንቀሳቀስንም ይጨምራል ብሎ ወስኗል። ግን ይሄ መብት እጁን የሚይዘው የመንግሥትን ነው። ባለ ሱቁን አይነካውም። ሱቁ የግል ንብረት ነው፣ ባለቤቱ «ሽጉጥ ይዘህ አትግባ» ማለት ይችላል፣ ያለ ጫማ አትግባ እንደሚለው ማለት ነው።

አፈጻጸሙ ከግዛት ግዛት ይለያያል። ቴክሳስን ውሰድ፣ የነጋዴው ወንድም ያለበትን። እዚያ ምልክቱ ራሱ በሕግ ተለክቶ የተቀመጠ ነው። 30.06 የሚባለው ተሸፍኖ ለሚያዝ ሽጉጥ ነው፣ 30.07 ደግሞ በግልጽ ለሚታጠቅ። ቁጥሮቹ የወንጀል ሕጉ አንቀጾች ናቸው። ጽሑፉ በእንግሊዝኛና በስፓኒሽ መሆን አለበት፣ ፊደሉ ቢያንስ 1 ኢንች ቁመት ሊኖረው ይገባል፣ ወደ 2.5 ሴንቲ ሜትር ማለት ነው፣ ቀለሙም ከርቀት የሚለይ መሆን አለበት። ያን አልፎ የገባ ሰው እስከ 200 ዶላር ይቀጣል። በቃል ውጣ ተብሎ አልወጣም ካለ ደግሞ ጉዳዩ ይከብዳል። ሌሎች ግዛቶች አሉ፣ ምልክቱ ብቻውን ሕግ የማይሆንባቸው፣ ባለቤቱ ውጣ ካለህና እምቢ ካልክ ነው ጥፋተኛ የምትሆነው። ሃዋይ ደግሞ ነገሩን ገልብጣ፣ ባለቤቱ በግልጽ ካልፈቀደ ሽጉጥ ይዞ መግባት አይቻልም የሚል ሕግ አውጥታለች። ክርክሩ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሷል።

አሁን ወደ ወተቱ ጥያቄህ። ሰዎቹን ለመረዳት አንድ ቀን ማወቅ አለብህ። እ.ኤ.አ. ጥቅምት 16 ቀን 1991 ቴክሳስ ኪሊን ከተማ ውስጥ አንድ ሰው ፒክአፕ መኪናውን የምግብ ቤት መስታወት አስጥሶ ገባና ተኩስ ከፈተ። 23 ሰው ገደለ። በምሳ ሰዓት ነው። ከተመጋቢዎቹ አንዷ ሱዛና ሀፕ ናት፣ ከአባቷና ከእናቷ ጋር ነበረች። ሽጉጥ ነበራት። ግን ያኔ የቴክሳስ ሕግ ሸፍኖ መያዝን ስለሚከለክል መኪናዋ ውስጥ ትታው ነው የገባችው። አባቷ ገዳዩን ሊይዝ ሮጦ ተመታ። እሷ በመስኮት አመለጠች። እናቷ ግን ባሏን ትታ አልሄደችም፣ አጠገቡ ተቀምጣ ተገደለች። ሱዛና በኋላ በየምክር ቤቱ እየዞረች ይሄን መሰከረች፣ የቴክሳስ ምክር ቤት አባልም ሆነች። ግዛቲቱ በፈቃድ ሸፍኖ መያዝን የፈቀደችው እ.ኤ.አ. በ1995 በወጣ ሕግ ነው።

እንግዲህ መሣሪያ ከሚከለክል በር የሚመለሰው አሜሪካዊ ብዙ ጊዜ በልቡ ያለው ያ የኪሊን ምሳ ነው። «አንተ እኔን ትጥቅ ካስፈታኸኝ፣ ክፉ ሰው ሲመጣ ማን ያድነኛል? ክፉ ሰው ምልክት አያነብም» ነው የሚለው። ስለዚህ ከሱቅ ሱቅ ይመርጣል፣ የትኛው ቤት እንደሚከለክል ከጓደኞቹ ጋር ይለዋወጣል። ትንሽ ካርድ አሳትመው ለባለ ሱቁ ትተው የሚወጡም አሉ፣ መልእክቱ በእኛ ቋንቋ «ሽጉጤ ካልገባ ገንዘቤም አይገባም» እንደማለት ነው። ሌሎቹ ደግሞ ካልታየ ማን ያውቃል ብለው ሸፍነው ይገባሉ።

የሌላው ወገን ልብ ውስጥ ያለው ደግሞ ሌላ ቀን ነው። እ.ኤ.አ. ነሐሴ 3 ቀን 2019 እዚያው ቴክሳስ፣ ኤል ፓሶ ከተማ ዋልማርት ሱቅ ውስጥ በተከፈተ ተኩስ የሞቱት በጠቅላላ 23 ናቸው፣ ከኪሊኑ ጋር አንድ ዓይነት ቁጥር። ልክ በወሩ ዋልማርት ደንበኞቹን በግልጽ የታጠቀ መሣሪያ ይዛችሁ አትግቡ ብሎ ጠየቀ፣ የሽጉጥ ጥይት መሸጥም አቆመ። እንዲህ ካለ ተኩስ በኋላ ጠመንጃ አንግቶ የሚገባ ሰው ሲታይ ለበጎ ይሁን ለክፉ ማን ይለየዋል? የሱቁ ሠራተኛ አይለየውም። ልጇን የያዘች እናት አትለየውም።

ለእኛ ለቡና አገር ሰዎች የምትቀርበው ግን ስታርባክስ የሚባለው የአሜሪካ ቡና ቤት ታሪክ ናት። ሽጉጥ ያዦች ስታርባክስ አይከለክለንም ብለው የአድናቆት ቀን እስከማዘጋጀት ደርሰው ነበር። ተቃዋሚዎችም በበኩላቸው መጡ። ቡና ቤቱ የሁለት ወገን መፋለሚያ ሆነ። እ.ኤ.አ. መስከረም 2013 ሥራ አስኪያጁ ሃዋርድ ሹልትስ ግልጽ ደብዳቤ ጻፈ። ክልከላ አላደረገውም፣ ልመና ነው ያደረገው፣ እባካችሁ መሣሪያ ይዛችሁ አትምጡ። ለምን አልከለከልክም ሲባል ከሰጣቸው ምክንያቶች አንዱ ልቤን ነካኝ፦ ብከለክል ቡና የሚቀዱት ልጆች ከታጠቀ ሰው ጋር ሊፋጠጡ ነው አለ።

እኔ የሱዛናን ታሪክ ሳነብ አንጀቴ ይላወሳል። ቁጣዋ ይገባኛል። ግን የጅማ ምግብ ቤት ውስጥ ስቀመጥ የሚያሳስበኝ መስታወት አስጥሶ የሚገባው ሰው አይደለም። የሚያሳስበኝ እላይ የነገርኳችሁ ቁጢጥ ያለው ሰውዬ ነው። ደግሞ እነሱ መብት በሚሉት ነገር ላይ ነው የሚከራከሩት፣ ተሸናፊው ወገን እንኳ ሕገ መንግሥት ይጠቅሳል። እኛ ጋ ያለው ፈቃድ ነው። የቴክሳሱን ኩርፊያ እንዳለ አምጥቶ አጂፕ ላይ መትከል አያስኬድም።

ጥያቄ፦ «ጋሼ፣ ባለቤቴ መሣሪያ የሚከለክል ቤት ሲገጥመው ሽጉጡን መኪናው ወንበር ሥር አድርጎ ይገባል። አንዳንዴ ልጆቹ መኪና ውስጥ እያሉ ነው። ስናገረው ‹ምን ይሆናል?› ይለኛል። እኔ ነኝ የማካብደው?»

መልስ፦ እህቴ፣ አላካበድሽም። ከተዘረዘሩት ሁሉ የከፋው ይሄ ነው። የመኪና መስታወት በአንድ ድንጋይ ይወርዳል። ክልከላ በተለጠፈበት በር ፊት ለፊት መኪና አቁሞ፣ ጎንበስ ብሎ ወንበር ሥር የሆነ ነገር ከትቶ፣ ሸሚዙን እያስተካከለ የሚወጣ ሰው ምን እንዳስቀመጠ አካባቢው ላይ የሚውል ሌባ አንዴ ካየ ይበቃዋል። አሜሪካም ቢሆን ከመኪና የሚሰረቅ ሽጉጥ ትልቅ ራስ ምታታቸው ነው። የተሰረቀው ሽጉጥ ነገ አንድ ወንጀል ላይ ቢገኝ ደግሞ ፖሊስ መጀመሪያ የሚያንኳኳው የእናንተን በር ነው።

የልጆቹን ነገር እንኳ አታንሺው። ልጅ ወንበር ሥር የማያገኘው ነገር የለም።

አንድ ቀን ሲረጋጋ፣ ልጆቹ በሌሉበት ንገሪው። «ይዘኸው ውጣ ወይም አትውጣ» ላይ አትከራከሩ፣ የት ያድራል የት ይውላል የሚለው ላይ ተነጋገሩ። ቤት ውስጥ ከግድግዳ ጋር የታሰረ ቁልፍ ያለው የብረት ሣጥን ይኑር፣ ጥይቱ ለብቻው ይቀመጥ። ወደሚከለክል ቤት የሚሄድ ከሆነ ከቤት ሳይወጣ እዚያው ይቆልፈው። እሱ ሳያውቅ አንቺ አንስተሽ ልደብቅ እንዳትይ ብቻ። የማታውቂውን ብረት አትንኪ።

ጥያቄ፦ «መንቲና አካባቢ ሥጋ ቤትና ምግብ ቤት አለኝ። መሣሪያ ክልክል ነው ብዬ ከለጠፍኩ ወዲህ አራት ደንበኞች ቀሩብኝ፣ ሁሉም ጥሩ ከፋዮች ናቸው። አንዱ ‹እኔ እኮ ላንቺም ጥበቃ ነበርኩ› አለኝ። ላንሣው? ወይስ ሽጉጣቸውን እየተቀበልኩ ሒሳብ መሳቢያ ውስጥ ላስቀምጥላቸው?»

መልስ፦ አታንሺው። አራቱ ሲቀሩ ታይቶሻል፣ ምክንያቱም ስማቸውን ታውቂዋለሽ። በእነሱ ምክንያት ድሮም ሳይመጡ የቀሩትን ግን አታውቂያቸውም። ሚስቱንና ልጆቹን ይዞ ሊገባ ብሎ፣ ወገቡ ያበጠ ሰው ጠረጴዛ ሲደበድብ አይቶ «ሌላ ቤት እንሂድ» ያለ ሰው ደብዳቤ አይጽፍልሽም። ዝም ብሎ ነው የሚሄደው።

ጥበቃ ነበርኩ ላለሽ ሰው በደንብ አመስግኚው። ከልቡ ነው ያለው ብዬ አምናለሁ። ግን ሁለት ጠርሙስ ከጠጣ በኋላ የእሱ ጥበቃ እንዴት እንደሚሆን እሱም አያውቀውም።

መሳቢያውን ግን በፍጹም። ፈቃዱ በሰውየው ስም ነው፣ በአንቺ ስም አይደለም። ሒሳብ የምትቀበለው ልጅ ሳንቲም ልትፈልግ ስትከፍተው ጥይት የጎረሰ ሽጉጥ ሊያጋጥማት ነው። አንዱ የሌላውን ይዞ ቢወጣስ? ቢጠፋስ? ተረክቦ ማስቀመጥ ከፈለግሽ አስቀድመሽ አካባቢሽ ያለው ፖሊስ ጣቢያ ሄደሽ ሕጉ ምን እንደሚል ጠይቂ፣ ይቻላል ካሉሽም እንዴት እንደሆነ በጽሑፍ ያስቀምጡልሽ። ያ እስኪሆን «ቤት አስቀምጠው ይምጡ» ነው መልሱ።

ጽሑፉ የት ነው የተለጠፈው? የውስጠኛው በር ላይ ከሆነ አውጪው። የውጪው በር ላይ ይሁን፣ ሰው ከመኪናው ሳይወርድ እንዲያየው። በአማርኛም በአፋን ኦሮሞም ይጻፍ፣ ማንበብ ለማይችል ደግሞ የተሰረዘ ሽጉጥ ሥዕል ይኑረው። ቀድሞ ያየ ሰው ቀድሞ ይዘጋጃል፣ በር ላይ ደርሶ ከሰው ፊት ከመመለስ ይድናል። ፍተሻውን መጋረጃ ነገር ከልለሽ አድርጊው፣ ሴቶቹን ሴት ትፈትሽ። እላይ ያለው ቡና ነጋዴ የጠፋው እዚህ ጋ ነው፣ በቀላሉ ሊተርፍ የሚችል ደንበኛ ነበር።

ከሁሉም በላይ ደግሞ ለማንም አትለዪ። የገዛ ወንድምሽ ሽጉጥ ይዞ ከገባ ነገ ሌላውን የምትመልሺበት አፍ አይኖርሽም።

ጥያቄ፦ «ወንድሜ፣ ዕድሜዬ 58 ነው። የአንድ ሆቴል ዘበኛ ነኝ። የያዝኩት ዱላ ነው። ባለቤቱ ‹መሣሪያ የያዘ አንድም ሰው እንዳታስገባ› ይለኛል። የሚመጡት ደግሞ ‹አንተ ማነህ ደግሞ› ይሉኛል። ባለፈው አንዱ ሸሚዙን ገለጥ አድርጎ አሳየኝና ሳቀብኝ። ሌሊቱን ሙሉ እንቅልፍ አልወሰደኝም። ምን ላድርግ?»

መልስ፦ አባቴ፣ ስለጻፉልን እግዚአብሔር ይስጥልን። ከዚህ ሳምንት ደብዳቤዎች ሁሉ ቶሎ መልስ የሚያስፈልገው የእርስዎ ነው። እላይ ያሉት ሰዎች ስለ ክብራቸውና ስለ ገበያቸው ነው የጠየቁት፣ እርስዎ የጠየቁት ስለ ሕይወትዎ ነው።

ማንንም በጉልበት አያስቁሙ። እጅዎን ወደ ሰው ወገብ አይስደዱ። «ይዘዋል?» ብለው በቃል ይጠይቁ፣ ይዣለሁ ካለ ወይም ካዩት «ጋሼ፣ የቤቱ ደንብ ነው፣ እኔ ልፈቅድልዎት አልችልም፣ ባለቤቱን ልጥራልዎት» ይበሉ። ከዚያ በላይ አንድ ቃል አይጨምሩ። እየተናገሩ ወደ ጎን ይቁሙ፣ በሩ መሐል አይቁሙ። ገፍቶ ከገባ ይግባ። ለባለቤቱ ይደውሉ፣ ባለቤቱ ለፖሊስ ይደውል። ሽጉጡን ያዝልኝ ቢሉዎትም እንዳይቀበሉ።

ሸሚዙን ገልጦ የሳቀብዎት ሰው በሳቅ አላደረገውም፣ ሊያስፈራራዎት ነው ያደረገው። ቀኑን፣ ሰዓቱንና የመኪናውን ታርጋ ካስታወሱ ለባለቤቱ ይንገሩ፣ ለፖሊስም አብረው ሄደው ያስመዝግቡ።

ለባለቤቱ ደግሞ እኔ ልናገር። ጌታዬ፣ ክልከላው የእርስዎ ነው፣ የዘበኛዎ አይደለም። ማታ ማታ ሰው በሚበዛበት ሰዓት በሩ አካባቢ እርስዎ ራስዎ ወይም አንድ ኃላፊ ይገኝ። ለዘበኛው በስምዎና በማህተም «መሣሪያ የያዘ ሰው እንዳይገባ ያዘዝኩት እኔ ነኝ» የሚል ወረቀት ጽፈው ይስጡት፣ በሩ ጎን ይለጥፈው። ስልክዎ ሁልጊዜ ይነሣ። በደወለልዎት ቁጥር ቢያንስ ወደ በሩ ይውጡ።

አባቴ፣ ይሄን ለባለቤቱ መናገር ከከበደዎት ገጹን ቆርጠው ይስጡት።